የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘን ለቴሌቪዥን የፈጠራ ውድድር ማጣሪያ ልንቀርብ ነው፦ በ3 ደቂቃ ምን እናሳይ?

ሁለት_ከአዳማ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ለማጣሪያው 3 ሳምንት ቀርቶናል። ይዘን የምንቀርበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሸክላው 58 ሳንቲ ሜትር፣ ሬዚስታንሱ 3,750 ዋት፣ ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር የሙቀት መከላከያ ሱፍ አለው። መሀሉና ዳሩ ላይ አንድ አንድ የሙቀት መለኪያ ገብቶለታል፤ ግለቱ ሲበቃ መቆጣጠሪያው ኃይሉን ይቆርጣል፣ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል። የተፈቀደልን 3 ደቂቃ ነው፤ 90 ሰከንዱ ገለጻ፣ ቀሪው የዳኞች ጥያቄ።

ልንጠይቃችሁ የፈለግነው፦ «የመብራት ወጪን በ60 በመቶ ይቀንሳል» ብለን ብንጀምርስ? እዚያው እንጋግር ወይስ ቪዲዮ እናሳይ? የፈጠራ መብቱንስ ከማጣሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ የምናስመዘግበው?

---

ቮልትና_ኦም

60 በመቶውን ዛሬውኑ ሰርዙት። ከዳኞቹ አንዱ መሐንዲስ ከሆነ በዚያች ቁጥር ብቻ ነው የምትወድቁት። ስሌቱን አብረን እንየው።

አንድ እንጀራ ወደ 450 ግራም ሊጥ ይፈልጋል እንበል፤ ተጋግሮ ሲወጣ 350 ግራም ቢመዝን 100 ግራም ውሃ ተኗል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሊጡን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 113 ኪሎጁል፣ 100 ግራሙን ውሃ ለማትነን 228 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ድምሩ 341 ኪሎጁል፣ ማለትም 0.095 ኪሎዋት ሰዓት። ይህ ምጣዱ ምንም ሙቀት ባያባክን እንኳ የማይቀር ወጪ ነው። የትኛውም ፈጠራ ከዚህ በታች አይወርድም።

አሁን ተራውን ምጣድ ውሰዱ። 3,750 ዋት ለ15 ደቂቃ ሲግል 0.94 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ከዚያ አንዱ እንጀራ ከነማሰሱና ከነማውጣቱ 3 ደቂቃ ቢወስድ 0.19 ገደማ ነው። ለ30 እንጀራ ጠቅላላው 6.6፣ ለአንዱ 0.22 ይደርሳል። ከዚህ ላይ 60 በመቶ ስትቀንሱ 0.088 ይቀራል። ከ0.095 በታች ነው! «ሊጡ ያለ ሙቀት ይበስላል» እንደማለት ይቆጠራል።

ስለዚህ ለኩ፤ የሚያሳምነው እሱ ነው። አለካኩም እንዲህ ይሁን፦ ተራውን ምጣድና የእናንተን በየተራ፣ ሁለቱንም ከቀዝቃዛ ጀምሮ፣ ከአንድ ቡሃቃ በተቀዳ ሊጥ፣ እያንዳንዱን ቅጂ በሚዛን 450 ግራም አድርጋችሁ 30፣ 30 እንጀራ ጋግሩ። በቆጣሪ ኪሎዋት ሰዓቱን መዝግቡ። በሦስት የተለያዩ ቀናት ድገሙት፤ አንደኛው ቀን ያኛውን፣ ሌላው ቀን የእናንተን አስቀድሙ።

ሁለት ነገር ያሳስታችኋል። አንደኛ፣ በደቂቃ አታወዳድሩ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 200 ሲወርድ ኃይሉ በ17 በመቶ ይቀንሳል፤ 3,750 ዋት የነበረው ወደ 3,100 ይወርዳል። በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች የተለካ ደቂቃ ስለ ምጣዱ ሳይሆን ስለ መስመሩ ነው የሚነግራችሁ። ሁለተኛ፣ ሶኬት ላይ የሚሰኩት ትንንሽ ቆጣሪዎች በብዛት እስከ 16 አምፔር ናቸው፤ የእናንተ ምጣድ 17 ይስባል። ይቀልጣሉ። ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠመውን ቆጣሪ ተጠቀሙ።

---

ከካሜራ_ጀርባ

ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። 17 አምፔር ሲባል ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለው። የስቱዲዮው መብራት ከሚመጣበት መስመር ላይ ምጣድ ከሰካችሁ ብሬከሩ ሲወርድ መብራቱም አብሮ ይሄዳል፤ ቀረጻው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በጥሩ ፊት አያያችሁም። አዘጋጆቹን ከአሁኑ በጽሑፍ ጠይቁ፦ «ለብቻው የሆነ 20 አምፔር መስመር ከመድረኩ በስንት ሜትር ላይ ይገኛል? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ይህን ይሸከማል?» መልሱ ካልመጣ የለም ብላችሁ ተዘጋጁ።

የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለ 3 ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። በጥቅልል የሚሸጠውን ከያዛችሁ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ 17 አምፔር ከጫናችሁበት ውስጡ ይግልና ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ቢሮ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ለኮምፒውተር ነው፤ አትንኩት።

ስለ መጋገሩ የኔ ሐሳብ፦ 3 ደቂቃ ውስጥ ከቀዝቃዛ አይነሳም። ከመድረክ ጀርባ አግላችሁት፣ ተራችሁ ሲደርስ በሸርተቴ ጋሪ አስገብታችሁ፣ አንድ እንጀራ ብቻ። በገለጻው መጀመሪያ ሊጡ ይፈስሳል፤ ገለጻው ሲያልቅ አክንባሎው ይነሳል። ያ ጊዜ ለካሜራ ትልቅ ነገር ነው፤ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ዓይኑ ሲታይ። ግን እንፋሎቱ ሌንሱ ላይ እንዳይመጣ አክንባሎውን ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ወደ ጎን ክፈቱ፣ ለካሜራ ባለሙያውም ቀድማችሁ ንገሩት። ለማሰሻ የጎመን ዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ጭሱን አስቡበት፤ ዝግ ስቱዲዮ ጣሪያው ላይ የጭስ ጠቋሚ ሊኖረው ይችላል።

ልብስን በተመለከተ፦ ድምፅ መቅጃዋ ደረት ላይ ነው የምትሰካው፤ ነጠላ ከለበሳችሁ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ «ሽው ሽው» እያለ ይቀዳዋል። ፈዛዛ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሻላል። ጥቅጥቅ ያለ ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል።

---

እርሾና_አብሲት

ወንድሞቼ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ የተባለው ጥሩ ነው፤ ሊጡን ግን ማንም አላነሳውም። በቴሌቪዥን ፊት ዓይን የሌለው እንጀራ ከወጣ ተመልካቹ «ምጣዱ አይረባም» ነው የሚለው። ጥፋቱ የሊጡ ይሁን የምጣዱ ማንም አይለይላችሁም።

ችግሩ ሰዓት ነው። «3 ሰዓት ላይ ኑ» ብለው 9 ሰዓት ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። አብሲት የገባበት ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ኩፍ ካለ በኋላ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ በሁለት ዕቃ ያዙት። አንደኛው ለጠሯችሁ ሰዓት የተዘጋጀ ይሁን። ሁለተኛው ቦክቶ እርሾው የተጠለለ፣ ገና አብሲት ያልገባበት፣ በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። አብሲቱን ጠዋት አገንፍታችሁ ፔርሙስ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱ ሲገፋ ለብ ሲል ቀላቅሉት። ለብታውን በእጃችሁ ሳትሞክሩ አታፍስሱት፤ ትኩሱ ከገባ ሊጡ ይጓጉላል።

ከአዳማ ስትመጡ ሊጡን በጀሪካን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። ሙቀቱና መንገዱ እርሾውን ያነሳሳዋል፤ ክዳኑ ሲከፈት መኪናውን ሙሉ ሊጥ ነው። ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉት፣ ክዳኑንም ላላ አድርጉት።

ደግሞ የመጀመሪያዋን እንጀራ መድረክ ላይ አትጋግሩ። ከጀርባ ሁለት ጋግራችሁ ምጣዱን አስማሙት፤ ሦስተኛዋ ትሁን የምትታየው።

---

ቮልትና_ኦም

@እርሾና_አብሲት ትክክል። እኔም አንድ የረሳሁት አለ፤ ማጓጓዙ።

ሬዚስታንሱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሽቦው ተሰባሪ ይሆናል። ምጣዱ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ከሸክላው ጎድጓዳ ውስጥ ብድግ ብሎ ሊበጠስ ይችላል። እንደደረሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩት። ለ3,750 ዋት በ220 ቮልት 13 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። 8 ወይም 9 ካነበበ ሽቦው ተነካክቷል፤ እንዳትሰኩት።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሸክላ እርጥበት ይመጥጣል። አዲስ ሕንጻ ላይ 30 ሚሊአምፔር ጅረት ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚዘጋ ብሬከር ይኖራል፤ እርጥብ ሸክላ ያን ያህል ጅረት በቀላሉ ወደ ላሜራው ያሳልፋል። ቤታችሁ ሳምንት ሙሉ ሲሠራ የነበረ ምጣድ ስቱዲዮ ውስጥ በተሰካ ቁጥር መስመሩን ይጥላል፤ እናንተ ደግሞ መቆጣጠሪያው ተበላሸ ብላችሁ መፍታት ትጀምራላችሁ። መፍትሔው ከጉዞው በፊት ባለው ማታ አንድ ሰዓት አግሎ ማድረቅ፣ ሲበርድ በፕላስቲክ መጠቅለል ነው። የመሬት ሽቦውን ነቅሎ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ ላሜራውን የሚነካ ዳኛ አለ።

መለዋወጫ ሸክላም ይኑራችሁ፤ ተሟሽቶ የተዘጋጀ። የጋለ ምጣድ በእርጥብ ጨርቅ ከተነካ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በግርግር ጊዜ ደግሞ ይህ አይጠፋም።

---

የወረቀት_ሥራ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ማመልከቻው ከማጣሪያው በፊት ይግባ። በቴሌቪዥን የታየ ነገር ለሕዝብ የተገለጠ ነው፤ አዲስነት ደግሞ የፓተንት የመጀመሪያው መስፈርት ነው።

የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን። በአዋጁ ሁለት መንገድ አለ። ፓተንት 15 ዓመት ይጠብቃል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በተገቢው ሁኔታ እየተሠራበት ከሆነ ለ5 ዓመት ይራዘማል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። በእኔ ግምት የእናንተ ለሁለተኛው ይቀርባል። ሱፉ ብቻውን አዲስ አይደለም፤ ሙቀት መቆጣጠሪያውም ብቻውን አዲስ አይደለም። አዲስ ሊሆን የሚችለው መሀልና ዳርን ለየብቻ ለክቶ ኃይሉን የሚያከፋፍልበት አሠራር ነው። የመብት ጥያቄያችሁን እዚያ ላይ አተኩሩ።

መድረክ ላይ «ፓተንት አለን» አትበሉ፤ ሰርተፊኬቱ እስኪወጣ ድረስ «ማመልከቻ አስገብተናል» ነው ልኩ። ውጤቱን አሳዩ፤ ኃይሉ በምን ስሌት እንደሚከፋፈል ግን አትዘርዝሩ። ዳኛ ቢጠይቅ «ዝርዝሩ በማመልከቻው ውስጥ ነው» ማለት ነውር የለውም።

የሚያስፈርሟችሁን ቅጽ ደግሞ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። በተለይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ምስሉን ለስንት ጊዜና የት የት ሊያሳዩት እንደሚችሉ፣ ለምን ያህል ጊዜ ሌላ ጣቢያ ላይ እንዳትቀርቡ እንደሚከለክላችሁ፣ በፈጠራው ላይ ድርሻ ወይም የቅድሚያ መግዣ መብት የሚሰጥ አንቀጽ መኖሩን። ሦስተኛውን ካገኛችሁ የሕግ ባለሙያ ሳያየው አትፈርሙ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ልጨምር። እዚህ ሻርክ ታንክ የሚባለው ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ አለ፤ በአካል የሚደረገው ማጣሪያ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕቃው ለተመልካች ምን እንደሚለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተያዘ ቀሪውን የሚሰማ የለም። የእናንተ 90 ሰከንድ ሰፊ ነው።

የመብቱን ነገር በተመለከተ፣ ወደ ውጭ ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ አገሮች ይለያያሉ። አሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ካሳየ በኋላ ለማመልከት አንድ ዓመት ትሰጣለች። የአውሮፓው ፓተንት ግን ይህን እፎይታ በመርሕ ደረጃ አይሰጥም፤ ቀድሞ ታየ ማለት አበቃ ማለት ነው።

ሌላው፣ ዳኞች «ይህ ውጭ አገር የለም ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። አለ። እዚህ ብዙ ሐበሻ ዋስ የተባለውን ዲጂታል ምጣድ ያውቃል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል፣ በ120 ቮልት የሚሠራ። «የሚመስለው የለም» ካላችሁ በስልክ ፈልገው ያሳዩአችኋል። ልዩነታችሁን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ሸክላ፣ አገር ቤት የሚጠገን።

---

የሂሳብ_መዝገብ

ቁጥሩን ከገዢው ጋር ካላያያዛችሁት ዳኛውን አይዘውም። ከልኬታችሁ ቅናሹ 25 በመቶ ወጣ እንበል፤ ይህ ምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን ተኩበት። በ@ቮልትና_ኦም ስሌት ለ30 እንጀራ 6.6 የነበረው በ1.6 ይቀንሳል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤተሰብ በዓመት 170 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያተርፋል ማለት ነው። በሚከፍለው ታሪፍ አባዙትና ከምጣዱ የዋጋ ልዩነት ጋር አስተያዩት። ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

አሁን እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ድርጅትን እንይ። በቀን 500 እንጀራ በ4 ምጣድ። እዚያ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ለአንድ እንጀራ 0.19 ብቻ ቁጠሩ። 25 በመቶው በቀን 23 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለአንዱ ምጣድ ወደ 6። ወሩን 26 የሥራ ቀን ብንለው አንዱ ምጣድ 150 ኪሎዋት ሰዓት ያድናል። ቤተሰቡ በዓመት የሚያድነውን ያህል ጋጋሪው በአንድ ወር! እንግዲህ ገለጻው ለማን መነገር እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። «ለእናቶቻችን» ብሎ መጀመር ልብ ይነካል፤ መጀመሪያ የሚገዛችሁ ግን ጋጋሪው ነው።

ወጪ ስትሠሩ ሸክላው፣ ሬዚስታንሱ፣ ላሜራውና እግሩ፣ ሱፉ፣ መለኪያዎቹ፣ መቆጣጠሪያው፣ ሪሌዩ ከነማብረጃው፣ ገመዱ፣ የብየዳና የመገጣጠሚያ ሰዓት፣ ሲሟሽ የሚሰበረው ሸክላ፣ በዋስትና ጊዜ የሚመለሰው፣ የማጓጓዣው፤ ሁሉም ለየብቻ ይጻፍ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተመዘገባችሁ ለገዢው የምትነግሩት ዋጋ 15 በመቶውን የያዘ ይሁን። ከውጭ የሚመጣውን ለይታችሁ አስምሩበት፤ «ምንዛሪ ቢጨምርስ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ድርሻ ስትጠይቁ ደግሞ ሒሳቡን ተረዱት። «500 ሺህ ብር ለ10 በመቶ» ካላችሁ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ሳይገባ 4.5 ሚሊዮን ያወጣል እያላችሁ ነው። «በምን?» ሲባል የሸጣችሁትን ወይም በቅድመ ክፍያ የታዘዛችሁትን ብዛት ማሳየት አለባችሁ። ከሌለ ከማጣሪያው በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት አንድ ጋጋሪ ድርጅት ጋር አስቀምጡና ለሙከራ መጠቀሙን በጽሑፍ ይስጣችሁ።

---

ሁለት_ከአዳማ

በጣም እናመሰግናለን። 60 በመቶውን ሰርዘናል። ልኬቱን በዚህ ሳምንት እንጀምራለን። ሦስት ነገር ቀርቶናል፦ የ90 ሰከንዱ አከፋፈል ምን ይምሰል? ከሁለታችን ማን ምን ይሥራ? መስመር ካላገኘንስ?

---

ከካሜራ_ጀርባ

አንዳችሁ ትጋግራላችሁ፣ አንዳችሁ ትናገራላችሁ። የሚጋግረው አይናገርም፤ የሚናገረው ምጣዱን አይነካም። ሁለቱን አንድ ሰው ከያዘው ወይ ሊጡ ይበላሻል ወይ ቃሉ ይጠፋል።

አከፋፈሉን እኔ እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ሊጡ እየፈሰሰ ስማችሁና ዕቃው። እስከ 30ኛው፣ ጋጋሪው ዛሬ የሚያወጣው ኃይልና የሚባክነው የት እንደሆነ። እስከ 55ኛው፣ የእናንተ ምጣድ ያንን እንዴት እንደያዘው፤ እዚህ ላይ ለሁለት የተከፈለ ናሙና አሳዩ፣ ሱፉና ሽቦው እንዲታይ። ቀዝቃዛና ቀላል ስለሆነ በእጅ ይያዛል፣ ካሜራውም ይቀርበዋል። እስከ 75ኛው፣ ልኬቱ፦ ስንት እንጀራ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት። ቀሪው ዋጋውና የምትጠይቁት። በአማርኛ በተረጋጋ ድምፅ በ90 ሰከንድ ከ150 ቃል በላይ ባትይዙ ጥሩ ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ ቆማችሁ ልምዱት፣ ተቀምጦ የተለማመዱት መድረክ ላይ ይፈጥናል።

እንጀራው ገለጻው ሳያልቅ ከበሰለ ዝም ብሎ ሰፌድ ላይ ይውጣ። ንግግሩ እስኪያልቅ ተብሎ ከቆየ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይነሳል።

---

ቮልትና_ኦም

መስመር ካላገኛችሁ ኃይሉን ዝቅ አድርጋችሁ ለመሥራት አትሞክሩ፤ በ2,000 ዋት ግለቱ እንደ ልብ አይመለስም፣ እንጀራውም ይጣበቃል። ከዚያ ይልቅ ቪዲዮ ተጠቀሙ፤ ግን ሳይቆረጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ የተቀዳ፣ ቆጣሪው በፍሬሙ ውስጥ የሚታይበት ይሁን። በፍጥነት የተጫወተ ከሆነ ፍጥነቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ጻፉበት። ፋይሉ በስልክ ብቻ አይሁን፤ ፍላሽ ላይም ይዛችሁ ቀድማችሁ ለአዘጋጆቹ ስጧቸው፣ በእነሱ ማሽን መከፈቱንም እዚያው ቆማችሁ እዩ።

መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር ለካሜራ የምታሳዩ ከሆነ የሚለካው ከሸክላው ውስጥ መሆኑን አስታውሱ። ሊጥ ሲፈስበት ላዩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ግን ዘግይቶ ነው የሚወርደው። ዳኛው የጨረር መለኪያ ይዞ ላዩን ቢለካ የተለየ ቁጥር ያገኛል። ልዩነቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ቤታችሁ ለክታችሁ በወረቀት ያዙት። ሲለኩ ደግሞ የጠቆረው ሸክላ ላይ እንጂ የሚያብረቀርቀው ላሜራ ላይ እንዳይሆን ንገሯቸው፤ ላሜራው ከእውነተኛው በጣም ዝቅ አድርጎ ያስነብባል።

---

እርሾና_አብሲት

ሁለት ሰፌድ፣ የውሃ መያዣ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ የእጅ ማጽጃ ፎጣ። ዳኞቹ መቅመሳቸው አይቀርምና ወጥ ባይኖር እንኳ ትንሽ አዋዜ በክዳን ያዙ። እንጀራውን ትኩሱን አታቅርቡላቸው፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከጀርባ የጋገራችኋት ሁለተኛዋ በርዳ ትጠብቃቸው።